ሳያዩ የሚገዙ ነጋዴዎች ጉባኤ

በ1914 አካባቢ በአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ሲኒማ ቤት የነበረው ሰው የማይሠራው ሥራ አልነበረም። ጠዋት ማስታወቂያ ይለጥፋል፣ ከሰዓት ማሽኑን ይጠርጋል፣ ማታ ሚስቱ ትኬት ስትቆርጥ እሱ በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሰው በየስሙ እየጠራ ሰላም ይላል። የከተማውን ሕዝብ አብጠርጥሮ ያውቀዋል። ገበሬው በየትኛው ቀን ገበያ እንደሚወጣ፣ ቄሱ በምን ዓይነት ፊልም እንደሚቆጡ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡት መቼ እንደሆነ ይነግርሃል። አንድ ነገር ግን በእጁ አልነበረም፤ የሚያሳየውን ፊልም መምረጥ አይችልም። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልም የሚመጣለት በአከፋፋይ በኩል ነው። የአከፋፋዩ ሻጭ ውል ይዞ በባቡር ይመጣል፣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን ይዘረጋል፣ «ይህን ፈርም» ይላል። በጊዜው ፓራማውንት በሳምንት ሁለት፣ በዓመት 104 ፊልም በአንድ ላይ ያቀርብ ነበር። ሕዝቡ የሚጠይቀው የሜሪ ፒክፎርድን ፊልም ነው። ፒክፎርድን የፈለገ ደግሞ ከእሷ ጋር የታሰሩትን ሌሎች ፊልሞችም መውሰድ አለበት። በእኛ ገበያ ብንመስለው፣ አንድ ቁና ማኛ ጤፍ ሊሸምት የሄደ ሰው «አሥር ቁና እንክርዳድ ካልጨመርህበት አልሸጥልህም» እንደ መባል ነው። ያውም ገና ያልተዘራ እንክርዳድ! ውሉ ሲፈረም አብዛኞቹ ፊልሞች አልተቀረጹም። ባለ ሲኒማ ቤቱ የሚያየው አርእስት፣ የተዋናይ ስምና አንድ ሁለት መስመር መግለጫ ብቻ ነው። ጥቅሉም ሳያዩ መግዛቱም አብረው የሚሄዱ ናቸው። በቀጣዮቹ ሃያ አምስት ዓመታት እነዚህ ነጋዴዎች ባካሄዱት ጉባኤ ሁሉ ይህ ጉዳይ ሳይነሳ የቀረበት ጊዜ ጥቂት ነው።

አሠራሩን የኃይል ምንጭ ያደረገው አዶልፍ ዙከር ነበር። ከሃንጋሪ በልጅነቱ የመጣ፣ በፀጉራማ ቆዳ ንግድ የጀመረ፣ በቁመቱ አጠር ያለ፣ በአነጋገሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። በ1916 ድርጅቱን ከጄሲ ላስኪ ጋር አዋሕዶ ፌመስ ፕሌየርስ-ላስኪ የሚባለውን ኩባንያ አቋቋመ፤ ፓራማውንትንም በእጁ አስገባ። ባለ ሲኒማ ቤቶቹ ዝም ብለው አልተመለከቱም። በ1917 ከየከተማው ትላልቆቹ ተሰባስበው ፈርስት ናሽናል የሚባል የራሳቸውን የፊልም ገዢ ማኅበር መሠረቱ። ቻርሊ ቻፕሊንን በአንድ ሚሊዮን ዶላር ውል ወሰዱት፤ ፒክፎርድም ወደ እነሱ መጣች። ብልህ እርምጃ ነበር። ባለ ሱቆቹ ተባብረው የራሳቸውን ወፍጮ ተከሉ ማለት ነው። የዚህን ወፍጮ መጨረሻ ወደፊት እናገኘዋለን።

የዙከር መልስ ሲኒማ ቤቶቹን ራሳቸውን መግዛት ሆነ። በ1919 ኩን ሎብ በተባለው የባንክ ቤት አማካይነት አሥር ሚሊዮን ዶላር አሰባስቦ ገበያ ወጣ። በደቡብ ግዛቶች ለእሱ የሚገዙት ሰዎች ቃላቸው አጭር ነበር፦ ሽጥልን፣ ካልሸጥህ ፊት ለፊትህ ትልቅ እንሠራለን። ሕዝቡ የድማሚት ቡድን የሚል ስም አወጣላቸው። አርባ ሺህ ነዋሪ ባለው ከተማ ሦስት መቶ ወንበር ይዞ ለሚኖር ሰው ይህ ዛቻ ቀልድ አይደለም። ፊልም የሚያመርተው፣ የሚያከፋፍለውና በጎኑ የሚያሳየው አንድ ሰው ከሆነ ለትንሹ ባለቤት የሚቀርለት ትርፍራፊ ነው።

በ1920 የበጋ ወራት ባለ ሲኒማ ቤቶች ክሊቭላንድ ከተማ ተሰብስበው የአሜሪካ የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ማኅበርን አቋቋሙ። ሲድኒ ኮኸን የተባለ የኒው ዮርክ ባለ ሲኒማ ቤት ሊቀመንበር ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ጉባኤው ሚኒያፖሊስ ላይ ሲቀመጥ ዙከር ራሱ ባቡር ተሳፍሮ ሄደ። እዚህ ላይ ለሰውየው የሚገባውን ልስጠው። የሚከሱትን ሰዎች አዳራሽ ድረስ ሄዶ ፊት ለፊት መቀመጥ ልብ ይጠይቃል። የማኅበሩ ጠበቃ የነበረው ጄምስ ዎከር፣ ኋላ የኒው ዮርክ ከንቲባ የሆነው፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነበር፤ ዙከር ባለበት አዳራሽ የትናንሾቹን በደል ዘረዘረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ዙከርንና ኩባንያውን ከሰሰ። ከክሱ አንዱ ነጥብ በጥቅል መሸጥ ነበር።

ክሱ ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ተጎተተ። የምስክር ቃል ብቻ 17,000 ገጽ ሞላ። ሐምሌ 9 ቀን 1927 ኮሚሽኑ ፓራማውንት በጥቅል መሸጡን እንዲያቆም አዘዘ። ትእዛዙ ግን አንዱን ኩባንያ ብቻ የሚነካ ነው፤ ሌሎቹም ያንኑ እያደረጉ ነበር። ስለዚህ ኮሚሽኑ ሌላ መንገድ ሞከረ፦ የሙያውን ሰዎች በሙሉ፣ አምራቹን፣ አከፋፋዩንና ባለ ሲኒማ ቤቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቦ፣ ነውር የሆነውንና ያልሆነውን ራሳቸው ተስማምተው እንዲጽፉ ማድረግ። የተስማሙበት ደንብ ይሆናል። ቀኑ ከጥቅምት 10 እስከ 15 ቀን 1927፣ ቦታው ኒው ዮርክ፣ በ44ኛው መንገድ ያለው የጠበቆች ማኅበር ሕንፃ ሆነ። ሰብሳቢው ከኮሚሽኑ አባላት አንዱ የሆነው የሕግ ሰው አብራም ማየርስ ነበር።

ጉባኤው ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጥቅምት 6 ማታ፣ ከዚያ ሕንፃ በእግር ሩቅ በማይባል ቦታ፣ ብሮድዌይ 52ኛው መንገድ ላይ ባለው የዋርነር ቲያትር አንድ ፊልም ተከፍቶ ነበር። ፊልሙ «ዘ ጃዝ ሲንገር» ነው። አብዛኛው ክፍሉ እንደ ድሮው ድምፅ አልባ ሆኖ፣ አል ጆልሰን የሚዘፍንባቸውና ጥቂት ቃል የሚናገርባቸው ቦታዎች ብቻ ሕዝቡን ከወንበሩ አስነሡት። በማሽን ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሠራተኛ አሥራ አምስት የፊልም ጥቅልና አሥራ አምስት ሸክላ በየተራው ሲቀያይር አመሸ። ፊልሙን ከሠሩት ወንድማማቾች፣ ከዋርነሮች፣ አንዱም አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። የድምፁን ሥራ ከሁሉ በላይ ሲገፋ የቆየው ሳም ዋርነር በዋዜማው ሎስ አንጀለስ ላይ ሞቶ፣ ወንድሞቹ ለቀብሩ ወደዚያ ተጉዘው ነበር።

ሰኞ ጠዋት እንግዲህ ማየርስ ጉባኤውን ከፈተ። በአንድ ወገን የአምራቾቹና የአከፋፋዮቹ ማኅበር መሪ ዊል ሄይስ ከነጠበቆቹ አለ። የቀድሞ የፖስታ ሚኒስትር፣ ማስታረቅ የሚችል፣ ቃሉን የሚመዝን ሰው ነው። በሌላ ወገን ከየግዛቱ የመጡት ባለ ሲኒማ ቤቶች አሉ፤ እነሱም ለሁለት የተከፈሉ ናቸው። ገሚሶቹ በኩባንያዎቹ የተያዙ የሲኒማ ሰንሰለቶች ወኪሎች፣ ገሚሶቹ በራሳቸው ገንዘብ የቆሙ ነፃ ነጋዴዎች ናቸው።

በትናንሹ ነገር መስማማት ቀላል ሆነ። ለምሳሌ መተካት የሚባለው ጉዳይ ነበር። አከፋፋዩ በአንድ የታወቀ ኮከብ ስም ፊልም ይሸጥልሃል፣ ቀኑ ሲደርስ ሌላ ሰው የሚሠራበትን ይልክልሃል። ይህ ነውር ነው ተባለ። ከዚያ በፊት አምራቾቹ ለፊልም ሥነ ምግባር ያወጡት 36 ነጥቦች ያሉት የ«አታድርጉ»ና የ«ተጠንቀቁ» ዝርዝርም ከጉባኤው ደንቦች ጋር ተካተተ። ትልቁ ጉዳይ ላይ ሲደረስ ግን ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። ነፃዎቹ በጥቅል መሸጥ ይቅር አሉ። አከፋፋዮቹ ደግሞ ጥቅል የጅምላ ንግድ ነው፣ የጅምላ ዋጋም ርካሽ ነው፣ ተነጥሎ ይሸጥ ከተባለ ዋጋው ይወደዳል ብለው ቆሙ። ክርክራቸው ፍሬ አልባ አልነበረም፤ አንድ ስቱዲዮ በዓመት ሃምሳ ፊልም ለመሥራት ብድር የሚያገኘው ቀድሞ በተፈረመ ውል ነው። ለእኔ የማይዋጥልኝ ግን የአደጋው አከፋፈል ነው። ፊልሙ ሲከሽፍ ስቱዲዮው ገንዘቡን አስቀድሞ ይዟል። ባዶ ወንበር የሚቆጥረው ስለ ፊልሙ ምንም ያልተጠየቀው ሰው ነው።

ጥቅሉ ሳይፈታ ቀረ። ለሁሉም የሚያገለግለውን መደበኛ ውል የሚያሻሽል ኮሚቴ ተቋቋመና ሰው ተበተነ። ከዚያ ሳምንት በወጡት ደንቦች ውስጥ ስለሚናገር ፊልም የተጻፈ ነገር የለም። ያን ጊዜ በመላ አገሪቱ ወደ 20,000 ከሚጠጉት ሲኒማ ቤቶች የድምፅ መሣሪያ የነበራቸው ሁለት መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከገጠር የመጣ ባለ ሲኒማ ቤት በመሸ ጊዜ ወደ ብሮድዌይ ወጣ ብሎ የጆልሰንን ዘፈን ሰምቶ ከሆነ፣ በትልቅ ከተማ ሰፊ አዳራሽ ብቻ የሚያምር ነገር አይቶ እንደተመለሰ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ትላልቆቹ ስቱዲዮዎች ራሳቸው እየተጠባበቁ ነበር። በየካቲት 1927 አምስቱ የትኛው የድምፅ ዘዴ እንደሚሻል እስኪለይ ድረስ ለየብቻ ላለመዋዋል ተስማምተው ነበር። በግንቦት 1928 ፓራማውንት፣ ኤም ጂ ኤምና ዩናይትድ አርቲስትስ ከዌስተርን ኤሌክትሪክ ቅርንጫፍ ከኤርፒ ጋር ፈረሙ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ኋላ አልተመለሰም። ሐምሌ ላይ ዋርነሮች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚወራበትን የመጀመሪያ ረጅም ፊልም «ላይትስ ኦቭ ኒው ዮርክ»ን አወጡ። በ23,000 ዶላር ገደማ የተሠራ ተራ የወንበዴዎች ታሪክ ነው፤ ገቢው ግን ከሚሊዮን አለፈ። ሰዉ የፈለገው ድምፁን ነበር።

አሁን የባለ ሲኒማ ቤቱን በር ሌላ ሻጭ ማንኳኳት ጀመረ፤ ባለ ማሽኑ። ኤርፒ መሣሪያውን አይሸጥም፣ በአሥር ዓመት ውል ያከራያል። እንደ አዳራሹ ስፋት ዋጋው ከ8,000 እስከ 20,000 ዶላር ይደርሳል። ከዚያ ላይ መሐንዲስ እየመጣ የሚፈትሽበት የየሳምንቱ ክፍያ አለ፤ ፈተሹም አልፈተሹም ይከፈላል። ድምፅ ያለው ፊልም ከኪራዩ ሌላ የሙዚቃ ክፍያ ተጨመረበት። አዳራሹም ራሱ አስቸገረ። ፒያኖ ሲመታ የማይታወቀው የግድግዳ ማስተጋባት አሁን ቃሉን ዋጠው፤ የማናፈሻው ጩኸት፣ የማሽኑ ኳኳታ፣ የወንበሩ ሲጥታ ሁሉ ተሰማ። ግድግዳ ላይ ወፍራም ጨርቅ ተሰቀለ። የመጋረጃው ሸራም ተቀየረ፤ ድምፅ ማጉያዎቹ ከኋላው ስለሚቆሙ፣ ድምፁ እንዲያልፍ በደቃቅ ቀዳዳ የተወጋ ሸራ መግዛት ግድ ሆነ።

የማሽን ክፍሉን ገባ ብለን እንየው። በዚያን ጊዜ በብዛት የተለመደው የዋርነሮች ዘዴ ቫይታፎን ነው፤ ድምፁ በፊልሙ ላይ የለም፣ በሸክላ ላይ ነው። ሸክላው ቤታችን ከምናውቀው እጅግ ይሰፋል፣ ወርዱ አርባ ሴንቲ ሜትር ነው። በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ ይዞራል፤ አንዱ ሸክላ አንድ የፊልም ጥቅል፣ ማለትም አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ይይዛል። መርፌው የሚጀምረው ከውጭ ጠርዝ አይደለም፤ ከመሐል ተነሥቶ ወደ ውጭ ይሄዳል። ሠራተኛው በፊልሙ ላይ «ጀምር» የሚል ምልክት ያለበትን ምስል በማሽኑ መስኮት ፊት ያደርጋል፣ መርፌውን ሸክላው ላይ በቀስት የተመለከተችው ነጥብ ላይ በጥንቃቄ ያሳርፋል። ሁለቱን የሚያሽከረክራቸው አንድ ሞተር ነው። በሸክላው መሐል በተለጠፈው ወረቀት ላይ ትናንሽ ሣጥኖች ታትመዋል፤ በተጫወተ ቁጥር አንዱ በእርሳስ ይሰረዛል። ሃያ ጊዜ ያህል ከተጫወተ በኋላ ሸክላው ይጣላል፣ ድምፁ ተልጦ አልቋልና።

ፊልም ደግሞ ይበጠሳል። በድምፅ አልባው ዘመን ሠራተኛው የተበጠሰውን ቆርጦ፣ ጫፍና ጫፉን በሙጫ አጣብቆ ይቀጥል ነበር፤ ሁለት ሦስት ምስል ቢጎድል ማንም አያውቅም። አሁን ግን የጎደለው እያንዳንዱ ምስል ቃሉን ከአፉ ያራርቀዋል። ስለዚህ የተቆረጠውን ያህል ቆጥሮ በቦታው ጥቁር ቁራጭ መግጠም አለበት። ቆጠራው ከሳተ፣ ወይም መርፌው አንድ መስመር ዘልሎ ከሄደ፣ ጥቅሉ እስኪያልቅ ድረስ ሴትዮዋ በወንድ ድምፅ ትናገራለች፣ ሰውዬውም አፉን ዘግቶ ይዘፍናል። ሸክላው በመንገድ ተሰብሮ የደረሰ እንደሆነ ደግሞ የዚያ ማታ ትርኢት ቀረ። የባለቤቱ ጭንቀት ይገባኛል። የአንድ ምሽት ገቢው የቆመው በአንዲት መርፌ ጫፍ ላይ ነው።

ሆኖም ድምፁ በጎ ነገርም አመጣለት፤ ይህን መካድ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ከዚያ በፊት ትልልቅ ኦርኬስትራና የመድረክ ዝነኞችን ማቅረብ የሚችለው የኒው ዮርክና የቺካጎ አዳራሽ ብቻ ነበር። አሁን ሦስት መቶ ወንበር ያለው የገጠር ሲኒማ ቤት ብሮድዌይ የሰማውን የጆልሰንን ድምፅ ሳይቀነስ አሰማ። ሕዝቡም ጎረፈ።

ዋጋውን የከፈሉ ሌሎች ሰዎች አሉ። በየሲኒማ ቤቱ ከሸራው ሥር ተቀምጠው የሚጫወቱ ፒያኒስቶች፣ ቫዮሊን መቺዎች፣ ኦርጋን ተጫዋቾች ነበሩ። በትንሽ ከተማ ፒያኒስቷ ቀን የሠፈሩን ልጆች የምታስተምር፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምታጅብ ሰው ልትሆን ትችላለች። ጥቂት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከሃያ ሺህ በላይ የሚሆኑ ሙዚቀኞች ከሲኒማ ቤት ሥራቸው ወጡ። የሙዚቀኞቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ዌበር «የታሸገ ሙዚቃ»ን የሚቃወም ማስታወቂያ በየጋዜጣው አሳተመ፤ ሥዕሉ ላይ የሰው ልብ የሌለው የብረት ሰው በገና ይመታል። የሚያሳዝነው የባለቤቱና የሙዚቀኛው ሁኔታ ነው። የፒያኒስቷ ደመወዝ ለማሽኑ የየሳምንት ክፍያ ዞረ፤ ሁለቱ የአንድ ከተማ ሰዎች ከሩቅ ለመጣ ኩባንያ ሲሉ ተለያዩ።

በ1928 መጸው ደግሞ ባለ ሲኒማ ቤቶቹ ራሳቸው የመሠረቱት ፈርስት ናሽናል በዋርነሮች እጅ ወደቀ። ከአራት ዓመት በፊት ከትናንሾቹ ስቱዲዮዎች አንዱ የነበረው ቤት በሚናገር ፊልም ገንዘብ ወፍጮውን ከነድንጋዩ ገዛው።

የነፃዎቹ ማኅበርም ቢሆን እንደ ቀድሞው አልነበረም። የአሜሪካ የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ማኅበር የኩባንያዎቹን ሰንሰለቶች በአባልነት ተቀብሎ፣ መዋጮአቸውንም እየሰበሰበ ስለነበር፣ ከሳሹና ተከሳሹ በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ። በልዩ ልዩ ግዛቶች ያሉ ነፃ ባለቤቶች ይህን አልወደዱትም። በጥር 1929 አላይድ ስቴትስ የተባለ የራሳቸውን ኅብረት አቋቋሙና መሪ ሲፈልጉ ማንን አገኙ? ያንኑ የኒው ዮርኩን ሰብሳቢ አብራም ማየርስን። እሱ በ1928 የንግድ ኮሚሽኑ ሊቀመንበር ሆኖ ነበር፤ ሥልጣኑን ለቅቆ መጣ። የስድስት ቀን ክርክር ሰብስቦ ያዳመጠ ዳኛ፣ ከችሎቱ ወርዶ ለአንዱ ተሟጋች ጠበቃ ሆነ ማለት ነው። ያን ጊዜ ያሙት ነበሩ። እኔ ግን ያንን ሳምንት ሙሉ ያዳመጠ ሰው የትኛው ወገን ሳይደመጥ እንደሄደ ያውቃል ባይ ነኝ። ማየርስ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከእነሱ ጋር ቆየ።

ከዚህ በኋላ በባለ ሲኒማ ቤቶች ጉባኤ ሁሉ የሚነሳው ጥያቄ ድምፅ ሆነ። የትኛውን ማሽን እንግዛ? የኤርፒ ዋጋ ስለከበደ ርካሽ መሣሪያ የሚሠሩ ብዙ ድርጅቶች ብቅ አሉ፤ አንዳንዱ በጥቂት መቶ ዶላር ሸክላ ብቻ የሚያጫውት ነበር። ኤርፒ በእኔ ዘዴ የተቀረጸ ፊልም በሌላ ማሽን ላይ አይጫወትም ለማለት ሞክሮ፣ ሙግቱ ጠንክሮበት ቀስ በቀስ ለቀቀ። ይሁንና ርካሹን የገዛ ብዙ ሰው ተጎዳ። ድምፁን በፊልሙ ጠርዝ ላይ በብርሃን የሚጽፈው ዘዴ እያሸነፈ ሄዶ፣ በ1930 እና በ1931 ዋርነሮች ራሳቸው በሸክላ መቅረጽ ተዉ። ባለቤቱ ዕዳውን ከፍሎ ሳይጨርስ ሌላ ማሽን ሊገዛ ሆነ። ለትንሽ አዳራሽ የሚሆን ከ3,000 ዶላር በታች የሆነ መሣሪያ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በጥቅምት 1929 ዳኛ ቶማስ ታቸር በኒው ዮርክ አንድ ብይን ሰጠ። ከ1927ቱ ጉባኤ በኋላ የተሻሻለው መደበኛ ውል የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ነበረው። በየማከፋፈያ ከተማው ሦስት አከፋፋይና ሦስት ባለ ሲኒማ ቤት ተቀምጠው ክርክር ያያሉ። ተፈርዶበት አልፈጽም ያለ ባለቤት ግን አከፋፋዮቹ ተባብረው መያዣ ይጠይቁታል፣ ካላስያዘ ሁሉም ፊልም ይነፍጉታል። ይህ ማደም ነው፣ የፀረ ሞኖፖል ሕጉን ይጥሳል አለ ዳኛው። ቀኑ የዎል ስትሪት ገበያ ከመውደቁ ጥቂት ቀናት በፊት ስለነበር፣ ከሙያው ውጭ ያለ ሰው ብዙም አላስተዋለውም።

ውል ሲፈርስ አዲስ ውል ያስፈልጋል። በ1930 የበጋ ወራት ሦስት ወገን አትላንቲክ ሲቲ ላይ ተገናኘ። ከአከፋፋዮች አምስት፣ ከሰንሰለቶቹ ወገን አምስት፣ ከማየርስ ነፃዎች አምስት ሰው ነበር፤ በሙያው ውስጥ አምስት-አምስት-አምስት ተብሎ የቀረው ይህ ነው። ከ1927ቱ ግርግር አንጻር ጸጥ ያለ፣ ወረቀት ላይ ያተኮረ ስብሰባ ሆነ፤ በብዙ አንቀጽም ተስማሙ። ኅዳር 24 ቀን 1930 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የታቸርን ብይን አጸና። ያን ጊዜ ግን ከውል አንቀጽ የከፋ ነገር ከተማው ውስጥ ገብቶ ነበር።

ሥራ ያጣ ሰው ሲኒማ አይገባም። መጀመሪያ ላይ የድምፁ አዲስነት አጋፍቶት ስለነበር የኢኮኖሚ ድቀቱ ሲኒማውን ዘግይቶ ነው የነካው፤ ሲነካው ግን አንበረከከው። በ1932 በሺህ የሚቆጠሩ አዳራሾች ተዘግተዋል። በጥር 1933 ፓራማውንትና ሌላው ትልቅ ኩባንያ አር ኬ ኦ ራሳቸው በፍርድ ቤት ባለአደራ እጅ ገቡ፤ ዙከር በዚያ ሁሉ ገንዘብ የገዛቸው ሲኒማ ቤቶች ዕዳ ሆነው ጣሉት። ትንሹ ባለቤት ዘዴ ፈለገ። በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም አሳየ። ማክሰኞ ማክሰኞ ለሴቶች ሳህን አደለ፤ ሳምንት ሳምንት የምትመጣ እናት ዓመቱ ሲያልቅ ሙሉ የእራት ዕቃ ይኖራታል። ከኮሎራዶ ተነሥቶ የተስፋፋው «የባንክ ምሽት» ደግሞ ስምህን መዝገብ ላይ አስፍረህ ዕጣ የምትጠብቅበት ነበር። በቤተሰብ ትጋት የቆሙ ብዙ ሲኒማ ቤቶች ያን ዘመን ያለፉት በሳህንና በዕጣ ነው።

በሚያዝያ 1932 የይግባኝ ፍርድ ቤት የንግድ ኮሚሽኑን የ1927 ትእዛዝ አላስፈጽምም አለ። ክሱ ከተከፈተ አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላው ነበር። ያ ሁሉ 17,000 ገጽ፣ ከገጠር የተጠሩት ምስክሮች ሁሉ፣ እንዲያው ቀረ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ኅዳር 27 ቀን 1933 የፈረሙት የፊልም ኢንዱስትሪ ደንብ ለባለ ሲኒማ ቤቱ ከጥቅሉ አሥር በመቶውን የመሰረዝ መብት ሰጠው። ከአሥር ቁና እንክርዳድ አንዷን መመለስ ተፈቀደ። እሱም አልቆየም። ግንቦት 27 ቀን 1935 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በብሩክሊን ዶሮ ነጋዴዎች ክርክር ላይ ደንቦቹ የቆሙበትን ሕግ ሲሽር አብሮ ወደቀ።

ማየርስና ነፃዎቹ ግን በየዓመቱ ጉባኤያቸውን አላቋረጡም። ያው ጥያቄ፣ ያው አቤቱታ ነበር። ሐምሌ 20 ቀን 1938 የፍትሕ ሚኒስቴር ስምንቱን ትላልቅ ኩባንያዎች በአንድ ክስ ፍርድ ቤት አቀረበ። ኅዳር 20 ቀን 1940 አምስቱ ችሎቱ ሳይጨርስ ለመስማማት ፈረሙ። በስምምነቱ መሠረት ጥቅሉ ከአምስት ፊልም በላይ አይሆንም፤ ፊልሙም ከመሸጡ በፊት በየማከፋፈያ ከተማው ለባለ ሲኒማ ቤቶች በነፃ ይታያል።

ስለዚህ ከ1941 ጀምሮ ከገጠር የመጣው ባለ ሲኒማ ቤት ከአከፋፋዩ ቢሮ አጠገብ ባለች ትንሽ ማሳያ ክፍል ይገባል። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። መብራት ይጠፋል፣ ፊልሙ ገና ለሕዝብ ሳይከፈት በፊቱ ያልፋል፣ ተዋናዮቹ ለእሱ ብቻ ይናገራሉ። ሲያልቅ መብራት ይበራል፤ ሻጩ ውሉንና ብዕሩን ይዞ በር ላይ ቆሟል፤ እሱም ለአንዴ እንኳ ያየውን ነገር «ይህ ለእኔ ከተማ አይሆንም» ለማለት አፉን ይከፍታል።